የማንሺያው ራውተር

ካርቱም ውስጥ ሥራዬ ሶፍትዌሩ በኔትወርኩ ላይ ያገኛቸውን መሣሪያዎች ከነኬብል መሰኪያዎቻቸው መመዝገብ ነው። ማንሺያ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ራውተር ግን አሳበደኝ። በየሰዓቱ ይጠፋል፤ ሲመለስ ደግሞ ሶፍትዌሩ አዲስ ዕቃ አገኘሁ ብሎ እንደገና ይደረድርልኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ስሰርዘው ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ቁጣዬን ይዤ በረክሻ፣ በእኛ በባጃጅ፣ ራውተሩ ያለበት ቤት ድረስ ሄድኩ።

የግቢውን በር እየደበደብኩ፣ "ራውተሩን የሚያጠፋው ማነው?" ብዬ በአረብኛ ጮህኩ።

አነጋገሬ አበሻነቴን አሳብቆብኝ መሰለኝ፣ አንዲት ሴት ከውስጥ በአማርኛ "እኔ ነኝ" አለችኝ።

"ኧረ እህቴ፣ ምን በደለሽ?"

"የተከለው ሰውዬ 'ከጠፋ ቢሮ ያውቃል፣ ሰው ይልካል' ብሎ ነበር። ማዳም ከውጭ ቆልፋብኝ ከሄደች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ወላሂ፣ ምን አቆየህ?"