ያልወጣ ውጤት መስክሬ ነበር

ወገኖቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዛሬ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ለመመስከር ነው። ብዙ የመናገር ልማድ እንደሌለኝ ታውቃላችሁ። እንዳልሳሳት በወረቀት ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ አምና በተማሪዎች የጸሎት እሑድ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን የት እንደነበረ ልናገር። ሽማግሌያችን ጋሽ ታምሩ እዚህ መድረኩ ጫፍ ላይ ማይክሮፎን ይዘው ቆመው ነበር። መዘምራኑ በስተግራ፣ ከኪቦርዱ ኋላ በሁለት ረድፍ ነበሩ። ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ሲሆኑ ከመድረኩ በታች ፊታቸውን ወደ ጉባኤው አዙረው ተሰልፈው ነበር። የልጅ ልጄ ረድኤት ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛዋ ነበረች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እጄን በትከሻዋ ላይ አድርጌ ነበር። እናንተ ደግሞ በየወንበራችሁ ቆማችሁ እጃችሁን ወደ ልጆቹ ዘርግታችሁ ነበር።

ጋሽ ታምሩ ወደ እኛ ሲደርሱ፣ «እትዬ በላይነሽ፣ የረድኤት ውጤት እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። ማይክሮፎኑን ተቀብዬ፣ «ጌታ ይባረክ፣ ሁሉንም በጥሩ ውጤት አልፋለች» አልኩ። እናንተም እልል አላችሁ።

ወገኖቼ፣ ውጤቱ ገና አልወጣም ነበር።

በእምነት ተቀብዬ ነው የተናገርኩት። ያልሆነውን እንደሆነ አድርገን አስቀድመን የማመስገን ልማድ አለን። ጌታን ማመኔ ነው ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሰው እንዲሰማልኝም ፈልጌ ነበር። ረድኤት በዚያች ሰዓት ሁለት ፈተና እንደወደቀች ታውቅ ነበር። አንደኛውን ምንም ሳትጽፍበት ነው የመለሰችው። እጄ ትከሻዋ ላይ ስለነበር ስትንቀጠቀጥ ተሰምቶኛል። መንፈስ ቅዱስ ነካት ብዬ ይበልጥ አመሰገንኩ።

ስለ ራሴም ጥቂት ልበል። ተወልጄ ያደግሁት አፍንጮ በር ነው። ከቤታችን እስከ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። በልጅነቴ ደብተር ያቀፉ ተማሪዎች በደጃችን ሲያልፉ ቆሜ አያቸው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ማትሪክ ተፈተንኩ፤ ነጥቤ ጥቂት ጎደለ። አባቴ ለጎረቤት ሁሉ፣ «አልፋለች፤ ሥራ ትያዝ ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ተናገረ። ለእኔ ግን ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሳልኝም። እኔም አላነሳሁለትም። በቤታችን ነገር የሚያልቀው እንደዚያ ነበር።

ታይፕ ተማርኩና በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ሠራሁ። በእነዚያ ዓመታት ሰው የማላስቀርብ ሴት ነበርኩ። ባለቤቴ ሲሞት እንኳ ለቀስተኛው ፊት አላለቀስኩም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሳትሰለች እየለመነችኝ ወደዚህ ጉባኤ አመጣችኝ። በአርባ ሁለት ዓመቴ ጌታን ተቀበልኩ። እንቅልፍ ሰጠኝ፣ ሰላም ሰጠኝ፣ ስሙ ይባረክ! ይሁን እንጂ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለውን ነገር ይዤው ነው የገባሁት። ማንም አላየብኝም።

ረድኤት የአንድያ ሴት ልጄ ልጅ ናት። እናቷ ያረፈችው እሷ ስድስት ዓመቷ ሳለ ስለሆነ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ከቤታችን አሥር ደቂቃ የሚወስደው ግቢ ሲደርሳት ምን እንደተሰማኝ አልናገርም፤ ትገምቱታላችሁ። ኢኮኖሚክስ ነው የምታጠናው።

እንግዲህ ከዚያ እሑድ በኋላ ውጤቱ ወጣ። «ደህና ነው እማማ» አለችኝ። አሳዪኝ አላልኳትም። ለማየት አለመፈለጌን ያወቅኩት አሁን ነው። ከዚያ ምግብ አልረጋ አላት። ጠዋት ጠዋት ታስመልሳለች። ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ መርምሮ ሲጨርስ፣ «እማማ፣ ጨጓራዋ ደህና ነው። የሚያስጨንቃት ነገር አለ?» አለኝ።

«ምንም የለም» አልኩት። የጠየቀው እሷን መሆን ሲገባው እኔን ነበር፤ የመለስኩትም እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን ጾምኩላት። የጠላት ውጊያ ነው አልኳት። እሷም በየጠዋቱ ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች። ትማራለች ብዬ አመሰግናለሁ።

ጎረቤቴ ዘይነባ የወሎ ሰው ናት፤ ቸርችል ጎዳና አጠገብ የልብስ ስፌት ቤት አላት። አንድ ቀን ማታ ወደ ቤት መጣችና ሳትቀመጥ፣ «በላይነሽ፣ ያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቸርችል ጎዳና ወረደ እንዴ?» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ረዲን እዚያ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ነው የማያት። ሦስት ሳምንት ሆናት። መጽሐፍ ትከፍታለች፣ አታገላብጥም። ዛሬ ሻይ ይዤላት ብሄድ፣ ‹እትዬ ዘይነባ፣ ለእማማ እንዳይነግሯት› አለችኝ። እሺ አልኳት።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«ዋሽቻታለሁ ነዋ! አላህ ይቅር ይበለኝ። ልጅቱ ከምትጠፋ እኔ ውሸታም ልባል።»

በማግሥቱ ከኋላዋ ወረድኩ። እውነትም ተቀምጣለች። ስታየኝ ልትነሳ ፈለገች፤ ቀድሜ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ክፍል የለሽም?» አልኳት።

«አለኝ።»

«ታዲያ?»

«በሩ ጋ ስደርስ ትንፋሽ ያጥረኛል እማማ። እጄ ይደርቃል። ሁለት ወድቄያለሁ።»

«ጸልየሻል?»

«ጸልዬያለሁ። ግን አንቺ አልፋለች ብለሽ መሰከርሽ። ጉባኤው ሁሉ አሜን አለ። እግዚአብሔርን ውሸታም ያደረግኩት እኔ ነኝ እላለሁ፤ ከዚያ ጸሎቱም እምቢ ይለኛል።» ቀጥላ፣ «መኖርም ደክሞኛል» አለች።

ይህን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያለችው። መኪናው ይጮህ ነበር፤ ያልሰማሁ መምሰል እችል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ አድርጌያለሁ። የዚያን ቀን ግን ጌታ ረዳኝ፣ ስሙ ይክበር! «ሰምቼሻለሁ» አልኳት። እጇን ይዤ ተነሳሁ።

በቀጥታ ጋሽ ታምሩ ቤት ሄድን። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አምና የተናገርኩት ሐሰት መሆኑን ጨምሬ። አልተቆጡኝም። ራሳቸውን ያዙና፣ «እኔም በሰው ሁሉ ፊት መጠየቅ አልነበረብኝም» አሉ። ከዚያ አጭር ጸሎት ጸለዩና፣ «አሁን ወደ ግቢው ሂዱ። ተማሪ የሚያማክር ቢሮ አላቸው። ዛሬውኑ፣ ነገ አትበሉ» አሉን።

«ጋሽ ታምሩ፣ እዚያ ከሄደች እኮ አእምሮዋ ተነካ ተብላ ልትመዘገብ ነው» አልኳቸው።

«እትዬ በላይነሽ፣ ጥርስዎን ሲያምዎ ሐኪም ጋ የሄዱት እምነት አንሶዎት ነው?»

«አስነቅዬ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ይህኛው እንኳ አይነቀልም፤ አይዞዎት» አሉኝ። ረድኤት ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ወራት አልፈው ነበር።

በግቢው በር ላይ ጥበቃው፣ «እማማ፣ የት ነዎት?» አለኝ። «ምክር ቢሮ» አልኩት፤ ሰው እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ። እሱ ግን እየጮኸ አቅጣጫውን ነገረን። ከኋላችን የነበረ ተማሪ ለጓደኛው፣ «አየህ፣ ፋይናል ፈተና ሲደርስ ለአያትም አይቀርላትም» አለው። ልቆጣው ዞር ስል ልጁ ራሱ ወደዚያው ቢሮ ነበር የሚሄደው። እስከ በሩ ያደረሰን እሱ ነው።

የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ሰናይት ትባላለች። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። መጀመሪያ ረድኤትን፣ «አያትሽ ይቀመጡ?» ብላ ጠየቀቻት። ረድኤት፣ «ትቀመጥ» አለች። እኔ ገና ወንበር ሳልይዝ፣ «ይህ ነገር ፋይሏ ላይ ይጻፋል?» አልኩ።

«እማማ፣ እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል። ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለእሷም እነግራታለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ረድኤት ዞራ፣ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

ደነገጥኩ። በቤታችን እንደዚህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

«አስቤያለሁ» አለች ረድኤት። «አላደረግኩም።»

«ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለቻት። አልጮኸችም፣ አልገሠጸቻትም። ብዙ ጠየቀቻት፣ ብዙ ሰማቻት። የግቢውን ሐኪም ጠርታ በዚያው ዕለት እንዲያያት አደረገች። በማንኛውም ሰዓት የምትደውልበትን ስልክ ጻፈችላት፤ እኔም ምን መጠበቅ እንዳለብኝ ነገረችኝ።

ቀጥሎ ስለ ትምህርቱ ተናገረች። «ዛሬ ረቡዕ ነው። በሕጋዊ መንገድ ለማቋረጥ የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ዓርብ ካለፈ ያልተማረችው ሁሉ ኤፍ ይሆንና ካለፈው ጋር ተደምሮ ትባረራለች። ዛሬ ቅጹን ከሞላች ግን ለሚቀጥለው ዓመት መመለስ ትችላለች።» ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ብዕሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የረድኤትን ቅጽ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምሞላው እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴም ጥሩ ነው። ስሟን ጻፍኩ፣ የመታወቂያ ቁጥሯን ጻፍኩ። «ምክንያት» የሚለው ላይ ስደርስ የጨጓራ ሕመም ልል «የጨ» ብዬ ጀመርኩ።

«እማማ፣ ጨጓራ አይደለም እኮ» አለች ረድኤት።

ወይዘሮ ሰናይት፣ «እማማ፣ እሷ ትሙላው» አለችኝ።

ብዕሩን በቀላሉ አልለቀቅኩም። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን ምስክርነት ነው። ልጄ በአንድ ጽሑፍ ዕድሏን ታጣለች ብዬ ፈራሁ። ደግሞ የእኛ ነገር በወረቀት ላይ ሲቀር ታየኝ። በልቤ «ጌታ ሆይ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ብዕሩን አስቀመጥኩት።

ረድኤት አነሳችው። የእኔን ሁለት ፊደሎች በአንድ መስመር ሰረዘችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ፈርቼ ክፍል መግባት አቃተኝ። ዛሬ እርዳታ ጀምሬያለሁ። መመለስ እፈልጋለሁ።» ፈረመች።

ሰማይ አልተደፋብንም፣ ወገኖቼ። ሃሌሉያ! ወይዘሮ ሰናይት ቅጹን ይዛ ከእሷ ጋር ወደ ሬጅስትራር ሄደች። እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁና አለቀስኩ። ጌታን የተቀበልኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እውነቱን መንገር የጀመርኩት ግን ያን ረቡዕ ነው። እሱ ግን እስከዚያ ድረስ ታግሦኝ ነበር። ስሙ ለዘላለም ይባረክ!

ከዚያ በየሳምንቱ ቢሮው ትሄድ ጀመር። ሐኪሙም ይከታተላታል። ከወደቀችባቸው አንዱ ለሆነው ሂሳብ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ መደቡላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስጠናታል። እስክትመለስም በቢሮው ፈቃድ ከክፍሉ በር ጀምሮ መለማመድ ነበረባት፤ አንድ ቀን በሩ ድረስ፣ አንድ ቀን ኋላ ወንበር፣ ሌላ ቀን ግማሽ ሰዓት። እኔ እንዲህ ያለ ትዕግሥት አላውቅም ነበር። በክፉ መንፈስ ላይ ስጾም ስለ ፍርሃቷ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ አልጠየቅኳትም።

ዘንድሮ ተመለሰች። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት ባለፈው ሳምንት ወጣ። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ያሳየችኝም ራሷ ናት። የወደቀችባቸውን ሁለቱንም አልፋለች። አንዱ ቢ ነው፣ አንዱ ሲ። አይ፣ እልል አትበሉ፤ ልጨርስ። አሁንም ትንፋሽ የሚያጥራት ጠዋት አለ። ፈጽማ ድናለች ብዬ አልናገርም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትስቃለች፤ ሲጨንቃትም ትነግረኛለች። ይህን ያደረገ ጌታ ይመስገን!

አምና በዚህ ቦታ የተናገርኩት እውነት አልነበረም። እሷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ዛሬ እናንተን እጠይቃለሁ።

በቤታችሁ ተማሪ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጸልዩላቸው። ከጸለያችሁ በኋላ ግን አጠገባቸው ተቀመጡና ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም ስሙ። እርዳታ ባለበት ቦታ አብራችኋቸው ሂዱ፤ አትፈሩ፣ አትፈሩላቸው። እናንተ ልጆችም፣ እንደኔ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ለሌላ ሰው ተናገሩ። ጌታን ገና ያላወቃችሁም እመኑት። እውነቱን ስንነግረው አይደነግጥም፣ አይሸሸንም። እኔ በሰባ ዓመቴ አይቼዋለሁ።

ረድኤት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ትናንት ይህን ወረቀት ሳነብላት፣ «የእኔን እኔ ልናገር» አለችኝ። እሺ አልኳት። «አንቺ ግን አትኑሪ እማማ። ፊትሽን ካየሁ አንቺን ደስ የሚልሽን ነው የምናገረው» አለችኝ።

ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ሳስበው ግን ልክ ናት።

ጋሽ ታምሩ፣ ማይክሮፎኑን ለእሷ ይስጡልኝ። ነይ ልጄ። በሉ ወገኖቼ፣ እኔ ወጣሁ።