«ላንተ ብቻ» የተባለችው መስመር

ጠዋት 1፡30፣ ዓለም ገና

ዛሬ ከቤቴ የወጣሁት ጥፋተኛ ለመያዝ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ቅርንጫፍ ላለው ክሊኒክ ኔትወርክ እሠራለሁ። ሁለት መስመር አለን፤ በአዲስ አበባ የሚዞር ወፍራም ገመድና በቡራዩ ኮረብታ አንቴና የምታቋርጥ፣ ቀጭን ግን ፈጣን የሬዲዮ መስመር። ቀጭኗ ከሰኞ ጀምሮ ታንቃለች። አንድ የራጅ ፎቶ እስክታሳልፍ ኤሊ ፎቶውን በጀርባዋ ይዛ ከሱሉልታ ሰበታ ትደርሳለች።

ሱሉልታ ላይ ማቴዎስ የሚባል ግንበኛ ከመወጣጫ ወድቆ ክንዱን ታቅፎ ተቀምጧል። ራጁን የምታነበው ሐኪም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሰበታ ትመጣለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትሄዳለች። ፎቶው እስከዚያ ካልደረሰ ማቴዎስ በዚያ ክንዱ ሚኒባስ ውስጥ እየተጋፋ አዲስ አበባ ሊገባ ነው። ሦስቱን ባለሙያዎቻችንን በስልክ ብጠይቅ ሁሉም «በኔ በኩል ሰላም ነው» አሉኝ። ስለዚህ በአካል ሄድኩ።

ሰበታ፣ 2፡15

ሦስት ሰው የሚያጠግብ ፉል ብቻዬን ጨርሼ ወደ ሰበታዋ ባለሙያችን ትዕግስት ገባሁ። የዓመታት ፋይል በቀጭኗ መስመር እየላከች ነው።

«ለምን በዚህች?»

«ጋሼ፣ ‹ባዶ ናት፣ ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉ? ለእናቴ እንኳ አልተነፈስኩም።»

እውነቷን ነው፤ በበዓል ሰሞን እንደ ስጦታ ነግሬያታለሁ። «ጎሽ፣ ታማኝ ነሽ» ብያት ወጣሁ። ጥፋተኛው ቡራዩ መሆን አለበት።

ቡራዩ፣ 6፡00

የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሹፌር ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ በአንድ ኮረኮንች ታጠፈ። «ይቺን ከኔ በቀር ማንም አያውቃትም» አለን። ገባን። በአገሪቱ ያለ ሚኒባስ በሙሉ እዚያ ተሰልፏል።

ጎናችን የቆመውን ሹፌር በመስኮት «አንተን ደግሞ ማን ነገረህ?» አለው።

«አንድ ጓደኛዬ። ለኔ ብቻ ብሎ።»

ሳቅሁ። እስከ ቡራዩ ድረስ ሳቅሁ። ሳቄ የቆመው የቡራዩ ባለሙያችን ቶሎሳ «አካም ጋሽዬ! ያቺን ሚስጥር እንደ ዓይኔ ብሌን ጠብቄያታለሁ» ሲለኝ ነው። የጥበቃ ካሜራውን ምስል ሁሉ በቀጭኗ ይሰድዳል። ለእሱም ነግሬያለሁ ለካ።

«ትዕግስትም በቀጭኗ ላይ ናት፤ ወደ ወፍራሙ መልሰው» አልኩት፣ ከማን እንደሰማች ሳልነግረው።

«ትዕግስት ትቅደም። እኔ ስለቅ እሷ ትገባበታለች።»

ለትዕግስትም ደውዬ ይህንኑ አልኳት። «ቶሎሳ ይቅደም» አለች። ወፍራሙ የሚዘገየው ትንሽ ነው፤ ግን ያቺን ትንሽ ለመሸከም የሚቀድም ጠፋ።

ሱሉልታ፣ 9፡30

ብርዱ ጢሜን ሊያረግፈው ደረሰ። ኦቦ ገመቹ፣ በዕድሜ አባታችን የሆኑት ባለሙያ፣ ትኩስ ወተት አቀረቡልኝ። ማቴዎስ ጥግ ላይ ክንዱን እንደ ሕፃን አቅፏል። ፎቶው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

«ኦቦ ገመቹ፣ እርስዎም ጋ…»

«ለኔ ብቻ ብለኸኛል» አሉ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ። «ለስንታችን ነው ይህ ‹ብቻ›?»

«ለሦስት።»

«እንግዲያው ሦስታችን ባለንበት ተናገረው።»

ሦስቱንም ባንድ ጥሪ አገናኘሁና ተናዘዝኩ። መስመሯን ያነቅኋት እኔ ነኝ አልኩ። ትዕግስት እየሳቀች «እኔ ደግሞ የተለየሁ መስሎኝ» አለች። ቶሎሳ የማልጽፈውን አለ። ኦቦ ገመቹ የራሳቸውን ፋይሎች ቀድመው ወደ ወፍራሙ አዞሩ፤ ሁለቱ አፍረው ተከተሉ። ቀጭኗ ለራጅ ብቻ ቀረች፣ እሱም በተራ።

10፡40 ላይ ፎቶው ሰበታ ገባ። ሐኪሟ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ አነበበችው። ክንዱ ተሰብሯል፣ ግን ቦታውን አልለቀቀም፤ እዚያው ሱሉልታ በጄሶ ይታሰር አለች።

ማቴዎስ በደህና እጁ ትከሻዬን ይዞ «ጌታ ይባርክህ ጋሼ» አለኝ። የዘገየውም በኔ ነው አልኩት። ለካ ጥሪውን ሁሉ ሰምቷል፤ «ሰምቻለሁ፣ ቢሆንም ይባርክህ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስትመለስ ጭር ያለች አቋራጭ አለች፤ ድንጋዩን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ።»

«ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

አሰበ። «ለኦቦ ገመቹ። ለነርሷ። ለጥበቃው። ለቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪዎች በሙሉ።»

ማታ 1፡00፣ ዓለም ገና

ባለቤቴ «ምነው ቆየህ?» አለችኝ።

«በዋናው መንገድ መጣሁ» አልኳት። «ተራዬን ጠብቄ።»