በዕቁብ የተገዛ ማሲንቆ

ከዳላስ እስከ ፎርትወርዝ ካለው የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛውም እኔ ነኝ። ሦስተኛው ቤድፎርድ የሚኖረው ጓደኛዬ ነው፤ እሱንም ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ፣ ይክዳል እንጂ። እኔን ግን ማንም አላስተማረኝም። ኤርፖርት ሻትል እነዳለሁ፤ ዩለስ ከተማ ያለው አፓርትመንቴ ስገባ ላፕቶፔን ከፍቼ የተበላሸውን ሁሉ ራሴ እፈታለሁ።

ላይሰንስ የሚባለው የፕሮግራም መጠቀሚያ ፈቃድ ግን እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል።

የኛ ኪቦርድ ለብቻው ድምፅ የለውም። ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱ ፕለጊን የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፕለጊን ደግሞ ብቻውን አይኖርም፣ ሆስት የሚባል ትልቅ ፕሮግራም ውስጥ ይከራያል። ማለቴ፣ ሆስቱ አከራይ፣ ፕለጊኑ ተከራይ። ጠባያቸውም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ቀለም በቀባ ቁጥር ሌላው ይታመማል።

የማሲንቆው ፕለጊን ውድ ነበር። ሶ እኛ የሠርግ ተጫዋቾች አዋጥተን አንድ ገዛንና እንደ ዕቁብ ተራ ገባንለት። ላይሰንሱ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ሠርግ ያለው አክቲቬት ያደርጋል፣ ሲጨርስ ለባለተራው ይለቃል። ሐሳቡ የኔ ነበር፣ የማን ሊሆን ኖሯል? ሁዳዴን ሙሉ አንድም ጠብ አልተነሳም። በጾም ማን ያገባል?

ፋሲካ አለፈና የዳግም ትንሣኤ ሰሞን ሐበሻ ሁሉ በአንድ ቅዳሜ አገባ።

የምጫወትበት ሠርግ ግሬፕቫይን ከተማ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ሙሽሪት ቀደም ብላ ኮል አድርጋልኝ፣ “ጋሼ፣ እናቴ ከጎንደር ገና መግባቷ ነው። አዳራሽ ስትገባ በማሲንቆ ተቀበልልኝ፣ ሌላ ምንም አልለምንህም” አለችኝ። እውነተኛ ማሲንቆ የሚመታው ሰው ፎርትወርዝ ሌላ ሠርግ ተይዟል። እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍት ሆስቱ ሳይጠይቀኝ ራሱን አፕዴት አድርጓል። ማሲንቆው የለም። ባጠፋ ባበራ፣ ብነቅል ብተክል፣ አዲሱ አከራይ አሮጌውን ተከራይ አላውቀውም አለ። የሆስቱን ሰዎች ብጠይቅ የፕለጊኑን ሰዎች ጠይቅ፤ የፕለጊኑን ብጠይቅ የሆስቱን ጠይቅ። ቀበሌ መስሎኝ ነበር አገር ቤት የቀረው። በመጨረሻ በገዛ ጭንቅላቴ ሆስቱን ወደ ድሮው መለስኩትና ማሲንቆው ብቅ አለ። እስክስታ ልመታ ትከሻዬን ሳሟሙቅ ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ላይሰንሱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው ይላል።

ቤድፎርድ ለጓደኛዬ ደወልኩ። ወንድሜ ልቀቀው፣ ተራው የኔ ነው አልኩት።

“የኔን ሙሽራ በፉጨት ላስገባት?” አለኝ። “ዕቁቡን ያመጣኸው አንተ፣ ደንቡን ያወጣኸው አንተ። ሁሉም በአንድ ቀን ሲያገባ ምን እንደሚሆን ተናግረሃል?”

ደንቡ ላይ አላሰፈርኩትም። ዘጋብኝ። አዲስ ልግዛ ብል ያ ቨርዥን ከገበያ ወጥቷል፣ አዲሱ ደግሞ የኔን ላፕቶፕ አይወድም። የቀረኝ ዲሞው ነው። ዲሞ ማለት ላይሰንስ ለሌለው ሰው የሚሰጥ መቅመሻ ነው፤ ትንሽ ይጫወትና በመሀል ጸጥ ይላል፣ ተጨንቀህ እንድትገዛ። እንዲህ ያለ ነገር የቤተክርስቲያን በር ላይ ያለ ለማኝ እንኳ ይጸየፈዋል።

እናትየው በሙሽሪት ክንድ ተደግፈው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ጀመርኩ። ማሲንቆው ያለቅሳል፣ ጣቴ ይፈሳል፣ እና ጭጭ። ኪቦርዱን ብጨቀጭቀው ትንፍሽ አይልም። ሴቶቹ ቦታው ለነሱ የተተወ መስሏቸው እልልታቸውን አቀለጡት። ሲጨርሱ ማሲንቆው ተመለሰ። ደግሞ ጠፋ፤ አሁን አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። እናትየው ሲጠፋ ቆም፣ ሲመለስ ራመድ እያሉ አጠገቤ ደረሱ። ሙሽሪት እንባዋን በመሀረብ ትይዛለች።

“አንተ ልጅ” አሉኝ እናትየው፣ “ለእልልታ ቦታ የሚተው ተጫዋች ካየሁ ስንት ዘመኔ።”

በልምድ ነው እማማ፣ አልኳቸው። ምን ልበል? ያን ሁሉ ጣት ስፈትል ማንም አላመሰገነኝም፤ የተመሰገነው አንድ የማላውቀው ስግብግብ ኩባንያ የሰነቀረው ዝምታ ነው።

አሁን ዕቁቡ ፈርሶ ላይሰንሱ ለኔ ቀርቷል። ሠርግ የሚጠራኝ ሁሉ ግን እንደ ግሬፕቫይኑ ቆም ቆም አድርገው ይለኛል። በገዛ እጄ አቆማለሁ፣ ባቆምኩ ቁጥር ያን ኩባንያ እረግማለሁ። የቤድፎርዱ ደግሞ ከኔ ኮርጇል፤ የአዲሱን ቨርዥን ሙሉ ላይሰንስ ገዝቶ በመሀል በመሀል ጸጥ ይላል።