አንዳንዴ የተባለው ምት

ሩሀማ ብረትን የምታፈቅረው በቁጥር ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ መሃል ከተማ ባለች ትንሽ የምህንድስና ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሐይቁ በመስኮቷ በሩቅ እያብረቀረቀ፣ በዓይኗ አይታቸው የማታውቃቸውን ቧንቧዎች ስታሰላ ኖራለች። ቧንቧ ሲሞቅ እንደሚዘረጋ፣ ሲበርድ እንደሚሰበሰብ፣ መታጠፊያው ላይ እንደሚጨነቅ ታውቃለች። ከሁሉ አብልጣ የምትሳሳላት ግን ፍላንጅ ናት፤ ሁለት ክብ ብረቶች ፊት ለፊት ገጥመው፣ መሃላቸው ጋስኬት የሚባል ስስ ማሸጊያ አስገብተው፣ በቡሎን ተቃቅፈው እንፋሎቱን የሚይዙባት ቦታ። "ቧንቧ ዝም ብሎ አይለያይም፤ የሚለያየው የተጋጠመው ነው" ትላለች። እናቷ ስለ ትዳር የምታወራ እየመሰላቸው ይስቁባታል።

ባለፈው ወር ከከተማው ዳር ካለ የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ሥራ መጣላት። ፋብሪካው ትእዛዝ በዝቶበት የእንፋሎቱን ግፊት ከፍ ማድረግ ፈልጓል። እሷ የምትመልሰው አንድ ጥያቄ ነበር፦ እንፋሎቱን ከሚያፈላው ቦይለር ክፍል በር በላይ ያለችው ፍላንጅ አዲሱን ግፊት ትችላለች ወይ? አሰላች። ዘወትር የሚገፋውን ያዘች፤ በላዩ ላይ እንፋሎቱ የነዳው ውሃ ድንገት ቧንቧውን የሚያጎብጥበትን ምት ወደ ግፊት ለውጣ ደመረች። ድምሩ ከፍላንጇ ልክ ትንሽ አለፈ። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ አቶ ዮሴፍ ሞልተው በላኩት ቅጽ ላይ፣ ምቱ በስንት ጊዜ ይመጣል ለሚለው "አንዳንዴ" ተብሎ ተጽፏል። ደንቡም በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚመጣ ምት ከልኩ ትንሽ ማለፍን ይፈቅዳል። ይበቃል ብላ ፈረመች።

ግፊቱ ከፍ በሚልበት ሰኞ ጠዋት ፋብሪካውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። የተቀበሏት ቦይለሩን አሥራ አንድ ዓመት የያዙት ወይዘሮ ታቢታ ናቸው። የዓሣ አስጋሪ ልጅ ናቸውና እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው የአባታቸውን ዜማ ይይዛል፦

ሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሐይቁ መስተዋት ነው፣
ለሚቀዝፍበት ግን ማዕበሉ የዕለት ነው።

ሩሀማ ዜማውን ወደደችው፤ ከዚያ አልፋ አላሰበችበትም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። ማንም ቀና አላለም። ሩሀማም ስልኳን መነካካቷን ቀጠለች። በዚህ ከተማ መብራት ጠፋ ይባላል፣ መጣ ይባላል እንጂ ማን ይቆጥረዋል?

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣ። ወይዘሮ ታቢታ ቦይለሩ ቆሞ በቆየበት ጊዜ ቧንቧው ውስጥ በርዶ ውሃ የሆነውን እንፋሎት ለማስወጣት ማፍሰሻውን ከፈቱ። ከማጠቢያው ክፍል የፈረቃው አለቃ ቶሎ በሉ እያለ ይጣራል። ውሃው ሳያልቅ ዋናውን ቫልቭ ለቀቁት።

ቧንቧው ጮኸ። እንፋሎቱ የቀረውን ውሃ እየነዳ ወስዶ ከመታጠፊያው ጋር አላተመው። ግድግዳው፣ በሩ፣ የሩሀማ የጎድን አጥንት ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ሳታስበው መሬት ላይ ቁጢጥ ብላለች።

"ተነሺ የኔ ልጅ" አሉ ወይዘሮ ታቢታ እየሳቁ። "ይሄ እኮ የጠዋቱ ነው። የከሰዓቱን ብትሰሚማ እስከ ቤትሽ ትሮጫለሽ።"

"የከሰዓቱ ደግሞ አለ?"

"መብራት በጠፋ ቁጥር ነዋ። በቀን ሦስቴ፤ ዝናብ ካለ አምስቴ።"

እንግዳ ብላ ያሳለፈችው ምት የቤቱ ነዋሪ ኖሯል። በዓመት ሺህ ጊዜ ሊሞላ ምን ቀረው? ቅጹን የሞሉት ሰው አልዋሹም፤ እሳቸውም እንደ ከተማው ሰው ሁሉ የጠፋውን መብራት አይቆጥሩም። እሷስ ቢሮዋ ውስጥ ኮምፒውተሯ በጠፋባት ቁጥር መቼ ቆጥራ ታውቃለች? ቀና ብላ ፍላንጇን አየች። ወይዘሮ ታቢታ ከሥሯ ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

"እትዬ ታቢታ፣ እባክዎ ከዚያ ይውጡ" አለች።

አቶ ዮሴፍ ተጠርተው መጡ። ደንበኛ እየጠበቀ መሆኑን፣ ቧንቧው ለዓመታት ሲጮህ ምንም እንዳልሆነ አስረዱ፤ በመጨረሻም ወረቀቱን አውጥተው ፊርማዋን አሳዩዋት።

"የፈረምኩት በዓመት አንዴ ሁለቴ ለሚመጣ ነው" አለች። "ለዕለቱ ምት ይህች ፍላንጅ በአዲሱ ግፊት አትበቃም። ተሳስቻለሁ።" ወረቀቱን ተቀብላ ፊርማዋን በሁለት መስመር ሰረዘች። ከዚያ ቧንቧው ቀዝቅዞ ፍላንጇ እንድትፈታ ለመነች።

አቶ ዮሴፍ እያጉረመረሙ ፈቀዱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡሎኖቹ ተፈቱ። ሁለቱ በእጅ ተዞሩ፤ ቁልፍ እንኳ አላስፈለጋቸውም። የወጣው ጋስኬት በበሩ በኩል ባለው ጎኑ ተበልቶ፣ እንፋሎቱን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ያገደው የጣት ጥፍር ያህል ስፋት ብቻ ነበር።

አቶ ዮሴፍ ጋስኬቱን አገላብጠው አዩትና ወደ ጓሮ ወጡ፤ ለደንበኛው ስልክ ደውለው ከፍ ያለው ግፊት እንደማይኖር፣ በአሮጌው ግፊትም ቢሆን ማፍሰሻው እስኪስተካከል እንፋሎቱ እንደማይከፈት ሲናገሩ ተሰማ።

ወይዘሮ ታቢታ ጋስኬቱን ተቀብለው በመዳፋቸው ያዙት። ጠዋት ሙሉ ሲስቅ የዋለው ፊታቸው አመድ መሰለ። ሩሀማ ክንዳቸውን ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው።

"አንቺስ ጠዋት ደንግጠሽ ወጣልሽ" አሉ። "እኔ የአሥራ አንድ ዓመቱ ድንጋጤ አሁን ገና ደረሰኝ።"