ወደ ታች የሚወርደው መስመር

ሺሺንዳ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ጠመኔና የእንጨት ማስመሪያ ሰጡኝና፣ «ስሎፕ ላይ ብዙ አትቆይ፤ እዚህ ዳገት የማያውቅ ልጅ የለም» አሉኝ። ተሳስተዋል። በእግሩ የሚያውቀውን ዳገት ሰሌዳ ላይ ሲያገኘው ሰላም የማይለው ልጅ ብዙ ነው።

ቦንጋ ተዛውሬም ያው ሆነ። የመስመር ስሎፕ የከፍታው ለውጥ ወደ ጎን ለተሄደው ሲካፈል የሚገኝ ነው። ይህን ተማሪዎቼ ያሸመድዱታል። «ቲቸር፣ ከየትኛው ነጥብ ልጀምር?» ይሉኛል። ከየትኛውም ብትጀምሩ መልሱ አንድ ነው እላለሁ። ይጽፋሉ እንጂ አያምኑኝም።

ለመሪ መምህርነት ማዕረግ የቀረኝ የአንድ ክፍለ ጊዜ ግምገማ ብቻ ነበር። ገምጋሚው ሱፐርቫይዘር አቶ ታምሩ ከኋላ ተቀመጡ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ መስመር አሰመርኩ፤ ስሎፑ ኔጌቲቭ ሁለት። አቶ ታምሩ እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ይሄ መስመር ለምን ይወርዳል?»

«ስሎፑ ኔጌቲቭ ስለሆነ ነው።»

«የዘንድሮ አቅጣጫችን ዕድገት ነው። ከታች ይጀምሩት፣ ይወጣል።»

ከታች ጀመርኩት። ኔጌቲቭ ሁለት።

«ይድገሙታ!»

ደገምኩት። ኔጌቲቭ ሁለት። አቶ ታምሩ ተነሥተው ጠመኔውን ተቀበሉኝ። ራሳቸው ሠሩት፤ መልሱን ሲያዩ በእጃቸው መዳፍ አጠፉትና እንደገና ሠሩት። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኔጌቲቭ!» አለ።

ዓመቱን ሙሉ አፏን ከፍታ የማታውቅ ብርቄ የምትባል ተማሪ ተነሣች። «ጋሼ፣ ከታች ሲጀምሩ ይወጣሉ፤ ግን ወደ ግራ ነው የሚሄዱት። የላይኛውም የታችኛውም ቁጥር ምልክት አብሮ ይቀየራል። ሲካፈል ያው ነው።»

«ጎበዝ» አሉ አቶ ታምሩ፤ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሌላ መስመር የለዎትም?»

ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ መስመር አሰመርኩላቸው።

«ይሄ ነው እንጂ ዕድገት! ስሎፑ ስንት ነው?»

«ወደ ጎን ስለማይሄድ ስሎፕ የለውም።»

ግምገማውን ወደቅኩ። ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ ክፍል ከየትኛው ነጥብ ልጀምር ብሎ የጠየቀኝ የለም። መሪ መምህርነቱ በሚቀጥለው ዓመት፣ በሌላ ገምጋሚ ፊት፣ ወደ ላይ በሚወጣ መስመር መጣልኝ።

ለአዲስ መምህራን የምመክረው አንድ ነገር ነው። ስሎፕ ስታስተምሩ መልሱን የማይቀበል አንድ ትልቅ ሰው ከኋላ አስቀምጡ።