ለካርድ ክፍሉ ዳታቤዝ ስመርጥ

በክሊኒኩ ካርድ ክፍል ጸጉሬ እስኪሸብት ኖሬያለሁ፤ «ጋሼ ካርድ» የሚለው ቅጽል እናቴ ያወጣችልኝን ስም ካስረሳ ቆይቷል። መደርደሪያው ሞልቶ ካርዶቹ ወለል ላይ መተኛት ሲጀምሩ ዶክተሯ ጠሩኝና፣ «ሰኞ ወደ ኮምፒውተር እንገባለን። ዳታቤዝ የሚባሉ፣ ምንጫቸው ክፍት የሆነ ነጻ የመዝገብ ፕሮግራሞች አሉ፤ እስቲ አወዳድረው አንዱን ይምረጡልን» አሉኝ። ኮምፒውተሩ ሲደርቅ ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ ስለምሰካ በግቢው እንደ ሊቅ እቆጠር ነበር። እኔም አላስተባበልኩም።

ሦስት ዳታቤዞችን ለፈተና አቀረብኩ። ማይኤስኪውኤልን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ፖስትግሬስ ብዙ ይችላል፤ ኤስኪውላይት ሁሉን ነገር በአንድ ፋይል ሸክፎ ይቀመጣል። በየተራ የድሮ ካርዶችን እንዳሉ ገለበጥኩባቸው። ታዲያ በእኛ ቤት እድሜ የሚጻፈው ታካሚው እንደተናገረው ነው፤ «ጎልማሳ»፣ «ከእህቱ ይበልጣል»። የፊተኞቹ ሁለቱ ፊታቸውን አጠቆሩብኝ፤ እድሜ ቁጥር ነው ብለው መለሱልኝ። ኤስኪውላይት ብቻ ያልኩትን ሁሉ እሺ ብሎ ዋጠ። «ጨዋ ማለት ይኸ ነው!» ብዬ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። ባለቤቴ እንኳ እንዲህ እሺ ብላኝ አታውቅም።

ነርሷ በመስኮቱ ብቅ አለች። ከኋላዋ ትኩሳት የያዘው ሕፃን እናቱ እቅፍ ውስጥ ያለቅሳል።

«ጋሼ ካርድ፣ አዲሱ መዝገብዎ እድሜውን ‹መሮጥ ጀምሯል› ይላል።»

«ጀምሯላ፣ ሲስተር! ባለፈው መጥቶ ኮሪደሩን አመሰው።»

«እና ሽሮፑን በሩጫው ልስፈርለት? ባበዛበትስ?»

የኤስኪውላይት እሺ ባይነት ለእኔ እንጂ ለሕፃኑ አልነበረም።

«ሰኞ ደግሞ በሁለት መስኮት አብረን ነው የምንመዘግበው» አለች። «ያ አንድ ፋይል ሁለታችንን ባንዴ ይችላል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? የወንድሜ መሥሪያ ቤት በፖስትግሬስ ነው የሚሠራው፤ ብንደውልለት ይመጣል።»

በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ያሰመርኩትን የነጥብ ሠንጠረዥ አየሁት። ስንት ሰው አብሮ እንደሚጽፍ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠራ አንድም መስመር የለውም። መስመሮቹ ግን ቀጥ ያሉ ነበሩ።

ፖስትግሬስን ከፈትኩና እናትየዋን ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ሁለት ሞልቶታል፣ ጋሼ» አለች ቶሎ። ለካ እስከ ዛሬ የጠየቃት አልነበረም! ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ያ ግትር ፖስትግሬስ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀበለኝ። ሲስተር ሽሮፑን ሰፍራ ስትመለስ፣ «ቁጥር የሌለው ስንት ካርድ ቀረ?» አለችኝ።

«ሁሉም» አልኩና እድሜያቸውን ልጠይቅ ወንበሬን ተሸክሜ ወደ ተራ ጠባቂዎቹ ወጣሁ።