ስለ ጥረዛ ክፍሉ የተላኩ ሽማግሌዎች

ማዘንጊያ የተገነጠለ መጽሐፍ ሲመጣላት መጀመሪያ ጀርባውን ታያለች። አሮጌውን ክር በምላጭ ትበጥሳለች፣ የደረቀውን ሙጫ በቢላ ጫፍ ትፍቃለች። ጥራዞቹን ደርድራ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ ጠርዛቸውን ታስተካክላለች። በወስፌ ትበሳለች፣ ሰም በተቀባ ክር ትሰፋለች። ከዚያ ሙጫውን በብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር ትቀባና መጽሐፉን የእንጨት ማጥበቂያ ውስጥ ከትታ ብሎኑን ታጠብቃለች። እሱ እስኪደርቅ ወደሚቀጥለው።

ይህን የምትሠራው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግን ወፍራም የጡብ ግድግዳና የኒም ዛፍ ጥላ አላት።

አንድ ቀን ክፍሏ ለኮምፒውተር ተፈለገችና ማዘንጊያ ጓሮ ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን እንድትዛወር ተወሰነ። የካርቱምን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው የቆርቆሮ ቤት ምን እንደሆነ መንገር አያሻም። እዚያ ሙጫው ገና ብሩሹ ላይ እንዳለ ይደርቃል፤ የተጠረዘው መጽሐፍ ብዙም ሳይቆይ ይፈርሳል። እሷም አብራ።

መናገሪያ መንገድ አልጠፋም። ዩኒቨርሲቲው የሠራተኛ አስተያየት ሳጥን ሰቅሏል፤ የሰቀለው ግን ዘበኛው አጠገብ ስለሆነ ወረቀት የሚከት ሁሉ "ደግሞ ማንን ከሰስክ?" ይባላል። በስልክም መጠይቅ ይላካል፤ የሚስቅ፣ ዝም ያለና ያዘነ ፊት አለው፣ አንዱን መንካት ነው። ማዘንጊያ ያዘነውን ነካች፤ ስልኩ አመሰገናት። ስብሰባም አለ። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ኡስታዝ አብደልመጂድ ችግር አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ ግን ሁሉም "ኩሉ ተማም"፣ ሁሉ ደህና ነው፣ ይላል። አለቃን ፊት ለፊት አልፈልግም ማለት ለእሷ ድፍረት ነው። "ተማም" ብላ ወጣች።

ስለዚህ አገር ቤት እንደምታውቀው ሽማግሌ ላከች። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር የሪክሻ፣ የባጃጅ ማለት ነው፣ መለዋወጫ የሚሸጡት ጎረቤቷ ጋሽ ይማም፣ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ዓርብ ከሰዓት የኡስታዝን ቤት አንኳኩ። ያመጣቸው ያላገባው ልጃቸው ኡበይ ፀጉሩን አበጥሮ በር ላይ ሪክሻው ውስጥ ቀረ።

የሽማግሌ ወግ ይታወቃል፤ የመጣበት ሳይፈጸም አይቀመጥም። የኡስታዝ ባለቤት ሲት ኸዲጋ ከርከዴ ይዘው ቢወጡ ጋሽ ይማም አልጠጣም አሉ። ቁጭ በሉ ቢባሉም እምቢ። "እጅዎ ላይ ያለች፣ የምንሳሳላት ነገር አለች። እሷን ልንለምን ነው የመጣነው" ብለው ጀመሩ።

ሲት ኸዲጋ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ሪክሻውን አዩ፣ ልጁን አዩ፤ ፈጥነው ገብተው ልጃቸውን ሰፋን ከክፍልሽ እንዳትወጪ አሏት። ሰፋ ግን በመስኮት አጮልቃ አይታው፣ ጆሮው ትልቅ ነው፣ አይሆንም ብላ ነበር።

ኡስታዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ ገና ተማሪ ናት" አሉ።

"የምን ልጅ?" አሉ ጋሽ ይማም። "እኛ የመጣነው ስለ ክፍሏ ነው። ስለ ማዘንጊያ መጠረዣ ክፍል።"

መጀመሪያ የሳቁት ከውስጥ ሲት ኸዲጋ ናቸው። ኡስታዝ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። "ልጄን የምትወስዱ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ክፍል ምን አላት? ያላ፣ ተቀመጡ። እሑድ ሥራ ሲጀመር ሄጄ አየዋለሁ።"

ጋሽ ይማም ተቀመጡ፤ ብርጭቆውን ግን አልነኩም። ከርከዴው ካዩ በኋላ ይጠጣል አሉ።

እሑድ ኡስታዝ ቆርቆሮው ቤት ገብተው ብሩሹን ራሳቸው ያዙ። ሙጫውን መሐል ሳያደርሱት ብሩሹ ደረቀ። ላባቸውን እየጠረጉ ወጡ። ኮምፒውተሮቹ ፎቅ ላይ ወዳለ ባዶ የመማሪያ ክፍል ሄዱ፤ ማዘንጊያ ከኒሙ ሥር ቀረች፤ ጋሽ ይማምም ከርከዴያቸውን በስኳር ጠጡ።

ከዚያ ወዲህ ኡስታዝ በየእሑዱ የቁርስ ሰዓት ቢሯቸውን ዘግተው ከሠራተኛው ጋር ከአንድ ትሪ ፉል ይበላሉ። እጁ ትሪው ላይ ሆኖ "ኩሉ ተማም" የሚል የለም፤ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ፈረቃው፣ ሁሉም እዚያው ይወጣል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ከእንግዲህ እንዳይላክባቸው፣ ሲት ኸዲጋ የሠርጉን ድግስ አስበው ጨርሰው ነበርና።

ማዘንጊያም በተራዋ እናንተን የምትጠይቀው አላት። "ከዚያ ቤተ መጻሕፍት የተዋሳችሁ፣ እኔ የጠረዝኩት መጽሐፍ ከተላቀቀባችሁ በፕላስተር አታጣብቁብኝ። ይዛችሁት ኑና ፊት ለፊት ንገሩኝ። ሽማግሌ አያስፈልግም።"